የሚስትሪው እጅ

«ሞተሬን የጎርፉ ዓመት ነው የሠራልኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አንዲት ጥርስ አልተነቃነቀችም» አለ ሸንኮራ አገዳ የሚያመላልሰው ሾፌር፣ የኮኮናት ቅሉን ከአፉ አውርዶ። «እንደ ሱክዴኦ ያለ እጅ ላምባሳ ከእንግዲህ አታይም።»

ከሸራው ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ የተቀመጡት ወንዶች ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ ከእንጨት ገበታው ያንጎናውን፣ ያንን የጭቃ ውሃ የሚመስል የሥር መጠጥ፣ ቀድቶ ለቀጣዩ አቀበለ። ቀጣዩም መዳፉን አጨብጭቦ ተቀበለና በተራው ስለ ሟቹ እጅ ማውራት ጀመረ። የጀልባው ሞተር ካንዴላ መግቢያው ተበልቶ፣ ሁሉም ጣለው ሲሉት፣ ሚስትሪ ሱክዴኦ በአንዲት የብረት ቀለበት እንዴት እንዳዳነለት ተረከ። በደሴቲቱ ከተማ በላምባሳ ሰውን ሚስትሪ የሚሉት ዝም ብለው አይደለም፤ እጁ የሚታመን ባለሙያ ሲሆን ነው።

ሳሮጅ የሻይ ትሪ ይዛ ከጀርባቸው ቆማለች። ለቅሶው አምስተኛ ቀኑ ነው። የሟቹ አንድ ልጅ እሷ ብቻ ናት። የሾፌሩን ሞተር ደግሞ ከሾፌሩ ይበልጥ ታውቀዋለች። በጎርፉ ዓመት ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። እዚያ ሞተር ላይ በሆዷ ተደፍታ፣ የተበላውን ቀዳዳ አስፍታ፣ አዲስ ጥርስ ቆርጣ ቀለበቱን ያሰረችው እሷ ናት። አባቷ በዚያ ቀን የሠራው ሥራ ቢኖር፣ ሾፌሩ ከሩቅ ሲመጣ አይቶ ሁለት እጁን የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ነክሮ መጠበቅ ነው።

ትሪውን ስታስቀምጥ አንዱ ብርጭቆ ተገልብጦ ሻዩ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ወንዶቹ ሐዘን ነው ብለው አዘኑላት። ሾፌሩ እንዲያውም አይዞሽ ብሎ ትከሻዋን ነካ አደረጋት። የነካትን ትከሻ ይዛ ወደ ማድ ቤት ስትገባ ጥርሷን ነክሳ ነበር።

እናቷ ፉልማቲ ወለል ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። የልጇን ፊት አንዴ አየችና ቀና ሳትል፣ እስከ አሥራ ሦስተኛው ቀን ቻይው አለቻት። በአሥራ ሦስተኛው ቀን የሂንዱው ካህን ፓንዲቱ መጥቶ ጸሎቱን ይዘጋል፤ እንግዳው ይበላል፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። እስከዚያ ድረስ የሐዘን ቤት ነው፤ ብረት አይነካም፣ ድምፅ ከፍ አይደረግም፣ የሟች ስም በክፉ አይነሣም።

ሳሮጅ ጥግ ላይ ያሉት አክስቶች እርስ በርስ ሲንሾካሾኩ ሰማቻቸው። ልጅቷ እስካሁን አላለቀሰችም እያሉ ነው። ሰላሳ ሦስት ዓመቷ፣ አላገባች፣ አልወለደች፣ አሁን ደግሞ ለአባቷ እንኳ እንባ የላት።

ሱክዴኦ ወንድ ልጅ አልነበረውም። የወንድምህን ልጅ አምጥተህ ሙያውን አስተምር ሲሉት አሻፈረኝ ብሎ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላትን ሴት ልጁን ጋራዥ አስገባ። ሰው ሳቀበት። እሱ ግን የሳቀውን ሁሉ ሞተር እየጠገነ፣ ልጅቷን አጠገቡ አቁሞ ያስተምራት ነበር።

የጀልባና የመኪና ሞተር የማያልቅ ሥራ ነበረው። ባለቤቱ ካንዴላውን ራሱ ሊቀይር ይሞክራል፤ አጣሞ ያስገባል፣ ወይም ጉልበቱን ለማሳየት ከልክ በላይ ያጠብቃል። ካንዴላው ብረት ነው፤ የሞተሩ ራስ ደግሞ ለስላሳ አልሙኒየም። በሚቀጥለው ሲፈታ የቀዳዳው ጥርስ እንደ ክር ተተልትሎ ከካንዴላው ጋር ይወጣል። አዲስ የሞተር ራስ ባሕር ተሻግሮ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። ያኔ ሰዉ ወደ ሱክዴኦ ይሮጣል። ቀዳዳው ይሰፋል፤ አዲስ ጥርስ ይቆረጥለታል፤ ውስጡም ውጭውም ጥርስ ያለው የብረት ቀለበት ይገባበትና ካንዴላው በቀለበቱ ውስጥ ይታሰራል። በደንብ ከተሠራ ሞተሩ ያረጃል እንጂ ቀለበቱ አይወጣም።

«ግማሽ ዙር ሂጂ፣ ሩብ ዙር ተመለሺ» ይላት ነበር፤ ጥርስ መቁረጫውን በግራሶ ለቅልቆ እየሰጣት። «ግራሶው ብናኙን ይይዝልሻል። ቸኩለሽ ከሄድሽ አልሙኒየሙ ይቀየምሻል፤ ከተቀየመ ደግሞ አይታረቅም።»

ሳሮጅ ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላት የአባቷ ዐይን መድከም ጀመረ። የስኳር በሽታው ነው። መጀመሪያ ጥቃቅኑ ነገር ጠፋው፤ ቀጥሎ ቀዳዳው ራሱ ጭጋግ ሆነበት። ቀለበት ማሰሩን እሷ ያዘችው። በመጀመሪያው ቀን ደንበኛው ሲመጣ አባቷ እጁን ዘይት ውስጥ ነክሮ፣ ላብ የጠረገ መስሎ ግንባሩን ጥቁር ቀባና ጠቀሳት። ሰውየው እንደሄደ ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። እሷም ወዳው ነበር ያን ቀን፤ የሁለቱ ብቻ ምስጢር ስለሆነ።

በአምስተኛው ዓመት የሚስቅ አልነበረም። የዘይቱ ጣሳ ከበሩ አጠገብ ቋሚ ቦታ አገኘ። አንድ ቀን፣ አንዱን እንኳ እሷ ናት የሠራችው በላቸው አለችው። ባሕር ላይ የሚወጣ ሰው ነፍሱን ለሴት ልጅ እጅ አይሰጥም፣ ቆይ፣ ጊዜ አለው ብሎ መለሰላት። ቆየች። በሩን የከፈተላት እሱ ነው፤ ከበሩ ጀርባ ያቆማትም እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት ጋራዡ ውስጥ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ሻዩን ሳይጨርስ፣ ጭንቅላቱ ወደ ደረቱ አዘንብሎ ሞተ። ጊዜውም ሳይመጣ ቀረ።

በሰባተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ወንድማማቾች ከባሕሩ ዳር ከናቪቪ መንደር መጡ። ታናሹ አፒሳይ የታጠፈ ምንጣፍና በጋዜጣ የተጠቀለለ የያንጎና ሥር ይዟል። ታላቁ ዋይሳኬ በሁለት ምርኩዝ ነው የሚሄደው፤ የግራ ሱሪው ከጉልበቱ በታች ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ሸራው ሥር ያሉት ወንዶች ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። አፒሳይ ሥሩን ምንጣፉ ላይ አኑሮ በአገሩ ሥርዓት ዝቅ ባለ ድምፅ የሐዘን ቃሉን ተናገረ።

የነሱን ነገር ላምባሳ ሁሉ ያውቃል። አምና በዝናቡ መጨረሻ፣ ከሱክዴኦ ጋራዥ ተሠርቶ የወጣው ሞተራቸው መሐል ባሕር ላይ ካንዴላውን ከነቀለበቱ ተፋው። ሁለት ቀን ማዕበሉ ሲያንገላታቸው ቆይቶ ጀልባዋን ድንጋዩ ላይ ወረወራት። የዋይሳኬ እግር ቆሰለ። ቁስሉ ትንሽ ነበር፤ ነገር ግን እሱም ስኳር ነበረበትና አልድን አለ። ሐኪሞቹ ከጉልበቱ በታች ወሰዱለት።

ሳሮጅ ሻይ ሰጥታቸው ፈጥና ልትመለስ ስትል አፒሳይ ጠራት።

«እህቴ፣ አትሽሺን» አላት፤ በለስላሳ ድምፅ። «እኛ ቂም የለንም። አባትሽ ያኔ ቤታችን ድረስ መጥቶ ተንበርክኮልሻል። ለማጅ እጅ ይሳሳታል።»

«ምን ብሎ ነው የተንበረከከልኝ?»

አፒሳይ ወንድሙን አየ። ዋይሳኬ ምርኩዙን ጎኑ አጋድሞ ቀና አለ።

«ሞተሩን የሠራችው ልጄ ናት፣ ልጅነት ነው፣ አላወቀችም ነው ያለው» አላት። «የይቅርታ መጠየቂያውን የዓሣ ነባሪ ጥርስ በሁለት እጁ ይዞ፣ ሽማግሌው ሰውዬ እያለቀሰ። መንደሩ በሙሉ ሰምቷል። እኔም ተቀበልኩት፤ ምን አደርጋለሁ? እግር እንደሆን መልሶ አይበቅልም። ለመቀመጥ ደግሞ አንዱም ይበቃል።»

ቀልድ ነው። አጠገቡ ያሉት ፈገግ አሉ። ሸንኮራ ጫኙ ሾፌርም ሳሮጅን በሐዘኔታ አያት፤ አሁን ገና የገባው ሰው ዓይነት አስተያየት ነበር።

እሷም አሁን ገና ገባት። ከዚያ አደጋ ወዲህ የናቪቪ ሴቶች ገበያ ላይ ዓሣ ስትጠይቃቸው አልቋል የሚሏት ለምን እንደሆነ ገባት። የባሕሩ ዳርቻ ሰዎች ሞተር ማምጣት ሲያቆሙ አባቷ ወቅቱ ነው ያላት ለምን እንደሆነ ገባት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሠራችው ሁሉ አንዱ እንኳ በስሟ አልተጠራም። በስሟ የተጠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ አልሠራችውም።

እናቷን ከጓሮ፣ ከቧንቧው አጠገብ አገኘቻት። ሳህን እያጠበች ነበር።

«አውቀሽ ነበር?»

ፉልማቲ ምን እንደምትጠየቅ ለማስመሰል እንኳ አልሞከረችም። ውሃውን ዘጋች። «የዓሣ ነባሪውን ጥርስ በጨርቅ የጠቀለልኩለት እኔ ነኝ» አለች።

«እሺ ብለሽ ላክሽው?»

«ምን ልበለው? ዐይኔ አያይም ብሎ ይናገር? በማግስቱ ጋራዡ ይዘጋ ነበር። ሴት ልጅ ናት፣ ተሳሳተች ሲባል ግን ሰው ይቅር ይላል። ያንቺ ስም ገና ስም አልነበረም፣ ሳሮጅ።»

«ስም እንዳይሆን ያደረገው ማን ሆነና?»

እናቷ እርጥብ እጇን በነጭ ሻሿ ጠረገች። ከናቪቪ ሲመለስ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም አለቻት። ሳሮጅ፣ ለዋይሳኬ እግር ነው ወይስ ለኔ ብላ ጠየቀቻት። ፉልማቲ ቧንቧውን መልሳ ከፈተች። ውሃው ሳህኖቹ ላይ መንጫጫት ጀመረ።

ሳሮጅ ወደ ሳሎን ገባች። የአባቷ ፎቶግራፍ በቢጫ አበባ ጉንጉን ተከቦ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። ፎቶው የድሮ ነው፤ ዐይኖቹ ጥርት ብለው ያያሉ። ፊት ለፊቱ ቆማ አፏን ከፈተች፤ ግን በሩ ላይ አክስቶች ነበሩ። ደግሞስ ምን ትለዋለች? ሰው ሲሞት ቁጣንም ተሸክሞ ቢሄድ ጥሩ ነበር። እሱ ግን ሁሉንም ትቶላት ነው የሄደው፤ መልስ የሚሰጥ አፍ ብቻ ነው ይዞባት የሄደው። ወደ ክፍሏ ገብታ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን በቡጢ መታች፤ ደጋግማ፣ እስኪያማት።

ሲያማት ጊዜ ነው ያ ሌላው ነገር የመጣባት። አሥራ አራት ወር ሙሉ ስትገፋው የከረመችው ነገር ነው።

ከአደጋው በፊት የአጎቷ ልጅ ሠርግ ላይ ሄዳ ሦስት ቀን ቆይታ ስትመለስ አባቷ በደስታ ፈክቶ ጠበቃት። የናቪቪ ሰዎች መጥተው ነበር፣ ቸኩለው ነበር፣ ብቻዬን ሠራሁላቸው አላት። ብቻዬን የሚለውን ሁለት ጊዜ ተናገረው። ያን ቀን ወጣት መስሎ ነበር። ሳሮጅ ልብሷን ሳትቀይር መደርደሪያውን አየች። ቀለበቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ረጅምና አጭር። የዚያ የጀልባ ሞተር ረጅሙን ነው የሚፈልገው። ረጅሞቹ ሁሉም ቦታቸው ላይ ነበሩ፤ ከአጭሮቹ አንዱ የለም። አጭሩ የሚይዘው በግማሽ ጥርስ ነው። ለጥቂት ሳምንት ይይዛል፤ ከዚያ ሙቀቱና ንዝረቱ ያላቅቀዋል።

አጭሩን ነው እንዴ ያስገባኸው ብላ ጠየቀችው። ፊቱ ጠቆረ። «ለማጅሽ ነኝ?» አላት።

ከዚያ በኋላ አልጠየቀችውም። በማግስቱ አውቶቡስ ይዛ ናቪቪ ልትሄድ አሰበች። በማግስቱ ግን ሥራ ነበር፤ በሳልስቱም ነበር። ደግሞ ያ የፊቱ ብርሃን ነበር፤ ከስንት ዓመት በኋላ ያየችውን ብርሃን በገዛ እጇ ልታጠፋው አልፈለገችም። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጀልባዋ ጠፋች ተባለ።

በስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ፓንዲቱ መጥቶ ጸሎት ሲያነብ፣ ዘመድ ሁሉ በየተራ ፎቶው ሥር አበባ ሲያስቀምጥ፣ ሳሮጅ ተራዋ ሲደርስ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።  ፓንዲቱ ጉሮሮውን ጠራርጎ ማንበቡን ቀጠለ። አክስቶቹ በዚህ ጊዜ ለመንሾካሾክ እንኳ አልተጨነቁም፤ እንድትሰማ አድርገው ነው ያወሩት።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት አጥሩን አልፋ ጎረቤት ወዳለው የብረት መቅረጫ ቶርኖ ቤት ገባች። ቻቻ ያኩብ የአባቷ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ ቻቻ የምትላቸውም እንደ አጎት ስላሳደጓት ነው። ከተለመደው አንድ ቁጥር የሚሰፋ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ረጅም ቀለበት እንዲቆርጡላት ጠየቀቻቸው። ልኩን በሚስማር ጣውላ ላይ ጻፈችላቸው።

«የሐዘን ቤት እስከ አሥራ ሦስተኛው ቀን ብረት አይነካም ብላችሁ የለ?» አሏት።

«የእርስዎ ቤት ሐዘን የለበትም።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወረዱ። ከዚያ ቶርኖውን አስነሡት። ቀለበቱ ሲያልቅ ገና ትኩስ ሳለ በጨርቅ ይዘው ሰጧት፤ ቀጥሎም የፒክአፓቸውን ቁልፍ ከግድግዳው አወረዱ። ሳሮጅ የአባቷን የመሣሪያ ሳጥን ከጋራዡ አውጥታ ነጭ የሐዘን ልብሷን እንደለበሰች በሸራው ፊት ለፊት አለፈች። ወንዶቹ ወሬያቸውን አቆሙ። ፉልማቲ በሩ ላይ ወጥታ ስሟን ጠራች። አንዴ ብቻ ነው የጠራችው።

በመንገድ ላይ ቻቻ ያኩብ ገበያው ጋ አቁመውላት የያንጎና ሥር ገዛች። የአገዳውን እርሻ አልፈው ባሕሩ ብቅ ሲል ቻቻ ያኩብ፣ የአባትሽ ዐይን እንደደከመ አውቅ ነበር አሏት። ጓደኛቸው የኩራት ሰው ስለነበረ ዝም አሉ። ናቪቪ ሄዶ ያለውንም ኋላ ሰምተዋል።

«ሰምተው ዝም አሉ?»

«አንቺስ ስትሠሪ ኖረሽ ዝም አላልሽም?»

መልስ ነበራት፤ ብዙ መልስ። ግን መስኮቱን አወረደችና ነፋሱ ፊቷን እንዲመታት አደረገች።

የዋይሳኬ ቤት ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ደጃፍ ላይ ተቀምጠው መረብ ይጠግኑ ነበር። ነጭ የለበሰች ሐዘንተኛ በዘጠነኛው ቀን ከቤቷ ወጥታ ሲያዩ አፒሳይ ደንግጦ ተነሣ። ምንጣፍ አነጠፉላት። ሳሮጅ ተንበርክካ ሥሩን በዋይሳኬ ፊት አኖረችው። በአገሩ ደንብ፣ የቀረበለት ሰው በእጁ ከነካው ተቀበለ ማለት ነው።

ቃሉን በመንገድ ላይ ስታዘጋጀው መጥታ ነበር፤ ሲደርስ ግን በቁጣ ተደባልቆ ወጣ።

«ያን ሞተር እኔ አልሠራሁትም። አባቴ ነው የሠራው። ዐይኑ አያይም ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት በጋራዡ የታሰረውን ቀለበት ሁሉ ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ያንን አንዱን ብቻ እሱ አሰረው፣ እሱኑም በኔ አላከከ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። እዚህ ላይ ብታቆም ማንም አይጠይቃትም ነበር። «አጭሩን ቀለበት እንዳስገባ ግን አውቅ ነበር። ከጠፋችሁበት ቀን በፊት ነው ያወቅኩት። መጥቼ ልነግራችሁ እችል ነበር። አልመጣሁም።»

አፒሳይ ወደ ባሕሩ ዞረ። ቻቻ ያኩብ መሬት መሬት አዩ። ዋይሳኬ ይጠግነው የነበረውን መረብ ከጭኑ ላይ አወረደ።

«ስንት ቀን?» አላት።

«አሥራ ስምንት።»

«አሥራ ስምንት ቀን።» ምርኩዙን አንሥቶ መሬቱን አንዴ መታው። «ላልሠራሽው ነገር ይቅር ብዬሽ ኖሬያለሁ ማለት ነዋ። የሠራሽውን ደግሞ ዛሬ ነው የምሰማው። አባትሽስ ሞቷል፣ አላገኘውም። አንቺን ምን ላድርግሽ?»

«እኔ እንጃ። የሚፈልጉትን።»

ዋይሳኬ ሥሩን አየው። አልነካውም። «ሞተሩ ቤቱ ሥር ነው» አለ። «ማንም አልደፈረውም። ከገዛ ወንድሜ ጋር በሰው ጀልባ በተራ እየወጣን ነው የምንኖረው። አውጪና ሥሪው። ስትሠሪ እኔ እዚህ ተቀምጬ አያለሁ፤ የምታደርጊውን ሁሉ እየነገርሽኝ ነው የምትሠሪው። ይኼን ሥር መንካት አለመንካቴን ከዚያ በኋላ አስብበታለሁ።»

አፒሳይ የሞተሩን ራስ ከሩዝ ጆንያ ውስጥ አወጣው። ከዛፉ ሥር ጣውላ ላይ አሰሩት። ጥርሱ ተቦጫጭቆ፣ አልሙኒየሙ ተገሽልጦ ነበር፤ ከታች ሳይነካ የቀረው አባቷ የቆረጠው ጥርስ ግን ቀጥ ያለ ነበር። ይህን ስታይ የበለጠ ተናደደች። አጣሞት ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር። እጁ አልሳተም፤ የሳተው ዐይኑ ብቻ ነው፣ የዐይኑንም መድከም አምኖ አልተናገረም።

እየነገረችው ሠራች። ይኼ ማስፊያ ነው፤ የተቦጫጨቀውን ይጠርጋል። ይኼ ጥርስ መቁረጫ ነው፤ ግራሶ የቀባሁት ብናኙን እንዲይዝልኝ ነው። ግማሽ ዙር እሄዳለሁ፣ ሩብ ዙር እመለሳለሁ። ዋይሳኬ፣ ለምን ትመለሻለሽ አላት። ብናኙ እንዲሰበር ነው አለችው። ካልተመለሽስ አላት። አልሙኒየሙ ይቀየማል ልትል ከአፏ መለሰችውና ይበላሻል አለችው። ከጎረቤት ቤቶች ሴቶች ወጥተው ራቅ ብለው ቆሙ፤ ገበያ ላይ ዓሣ አልቋል የሚሏት ነበሩባቸው። ላቧ በነጭ ልብሷ ጀርባ ላይ ወጣ። ቀለበቱን ማጣበቂያ ቀብታ በጣቷ አስጀመረችው፤ ሳይቃወም ገባ፤ በቁልፍ እስከ ልኩ ወሰደችው። የቀለበቱን ከንፈር በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን ደፈቀችው፤ ከእንግዲህ ከካንዴላው ጋር እንዳይዞር።

ሞተሩ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ማጣበቂያው ከደረቀ በኋላ፣ ገመዱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጎተት ተነሣ፤ እስከ ዛሬም በዚያ ቀለበት ይሠራል። ዋይሳኬ ሥሩን የነካው ከአራት እሑድ በኋላ ነው፤ ያውም ፊቱን አዙሮ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን የመጣውን እንግዳ ሁሉ ሳሮጅ አስተናግዳለች፤ ሸንኮራ ጫኙ ስለ ጎርፉ ዓመት እንደገና ሊያወራ ሲጀምር ግን፣ ያን የሠራሁት እኔ ነኝ ብላ በሰው ፊት ነገረችው። ሰውየው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቻቻ ያኩብ አለመሳቃቸውን ሲያይ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ጥቂት ደንበኛ ሄዷል፤ ጥቂት ደግሞ መጥቷል።

ይህ ሁሉ ግን ኋላ የሆነ ነው። ያን ቀን ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር መዶሻውን አስቀምጣ ቀዳዳውን በጨርቅ ጠረገችው። በባትሪ ብርሃን ውስጡን አየችው፤ ከላይ እስከ ታች ጥርሱ ንጹሕ ነበር። ዐይኑ ከደከመ ወዲህ አባቷ ሥራዋን የሚፈትሸው በትንሽ ጣቱ ነበር። ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ ቀስ ብሎ ያዞረዋል፤ ካልተናገረ ሥራው ደህና ነው ማለት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልተናገረም ነበር።

ሳሮጅ ባትሪውን አጠፋችና ግማሽ እርምጃ ወደ ቀኝ ተጠጋች። እንደ ወትሮው ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቀች። ጨርቁን ይዛ፣ ዐይኗን ቀዳዳው ላይ ተክላ ጠበቀች።

«አለቀ?» አላት ዋይሳኬ።

ጨርቁን አጥፋ ከመዶሻው አጠገብ አኖረችው።  የለቀቀችው ቦታ ባዶውን ነበር፤ እሷም ወደዚያ ተመልሳ አልቆመችበትም።